የራሴን ጋሻ ገዝቼ ተመለስኩ

አባይ በረሃን ስወርድ ሁሌም ጆሮዬ ይደፈናል። ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ተያያዝነው። ሾፌሩ ማርሽ ይቀያይራል። እኔ የዕቃ ዝርዝሬን አነባለሁ። ኮርቻ አራት። ልጓም ስድስት። ባዶ ዝናር። በርኖስ ሁለት፣ ያረጀ ቢሆን ይመረጣል።

እንጀራዬ ይሄ ነው፤ ለፊልም ዕቃ ማዘጋጀት። እኛ «ፕሮፕ» እንለዋለን። እናቴ «የውሸት ዕቃ» ነው የምትለው፤ ተሳስታለች ማለት አልችልም። ከኮምፔንሳቶ ጋሻ እሠራለሁ። ከላሜራ ጎራዴ አወጣለሁ። ትናንት የተሰፋ ሸማ ላይ የሃምሳ ዓመት እድፍ አስቀምጣለሁ። ለዚህ የቡና አተላን የሚያህል ነገር የለም። ጥቀርሻና የጫማ ቀለም ሲጨመርበት ደግሞ አያት የሌለው ዕቃ አያት ያወጣል።

ይህ ሁሉ ውሸት ግን ማንንም አይጎዳም። ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ የገባው እያወቀ ነው። ችግር የሚመጣው ዕቃው ከፊልሙ ወጥቶ በራሱ እግር መሄድ ሲጀምር ነው።

ደብረ ማርቆስ አደርን። በድሮ ስሟ መንቆረር የምትባለውን ይህችን ከተማ እወዳታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ፊትን ይቆነጥጣል። እዚያ ዝናሩን አገኘሁ፣ በርኖሱን አጣሁ። «በርኖስማ ያለው ሰው እንኳን ሊሸጥ ለሠርግም አያውስህ» አሉኝ አንዲት እናት። ቡሬ ላይ ከበርበሬው ሽታ ጋር እየተሳልን አለፍን።

እንጅባራ የደረስነው ጥር 22 ቀን ነው። አስበንበት ነው። በማግስቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል ነው። በዓሉ የሚከበረው ፈረስ በአድዋ ለዋለው ውለታ መታሰቢያ ነው። ስለ በዓሉ ብጽፍ ገጽ አይበቃኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ አርቲፊሻል ቆዳ ቀብቼ የማስረጀው የፈረስ ዕቃ እዚያ በእውነት አርጅቶ፣ በላብ ጠቁሮ፣ በእጅ ተለስልሶ ሲያልፍ አየሁት። አፈርኩ። ሙያዬ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ አልኩ። ኮርቻቸው ጠርዙ ላይ በእጅ የተሰፋ ቀይ ጨርቅ አለው፤ ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ይጠማዘዛል። የሰፋው ሰው ያን ቀን ደክሞት ይሆናል። እንዲህ ያለ ጥምዝ እኔ ለማስመሰል ሁለት ቀን ይፈጅብኛል።

«አባት፣ ይሄ ኮርቻ ይሸጣል?»

«የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የፈረሱ። ጠይቀው» አሉና ሄዱ።

ወደ ባሕር ዳር ስንገባ ከዝርዝሬ ላይ የተሰረዘው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። ለማንኛውም ብዬ የጌጣጌጥና የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ማሰስ ጀመርኩ። መቋሚያ፣ ጽናጽል፣ የመቁጠሪያ መዓት፣ በፍየል ቆዳ ላይ የተሳሉ ዓይናቸው የፈጠጠ ቅዱሳን። ከሦስተኛው ሱቅ ግድግዳ ላይ አንድ ጋሻ ተሰቅሏል።

መጀመሪያ ያየሁት ጠርዙን ነው። በስተግራ በኩል ወደ ታች፣ ጥፍር የምታህል ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። እሷን በቡናማ ቀለም ሞልቼ፣ ቀለሙ ስላልያዘ በሲባጎ ጫፍ ጭሬ ያስተካከልኳት ራሴ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ለአንድ የታሪክ ፊልም ስድስት ጋሻ ሠርቼ ነበር። አምስቱ ለብዛት ነው፤ ከሩቅ ስለሚታዩ ኮምፔንሳቶው ላይ ቀለም ብቻ ይበቃቸዋል። ስድስተኛው ለቅርብ ቀረጻ ነው። ዋናው ተዋናይ የሚይዘው እሱን ነው። አንድ ወር ለፋሁበት። ከጀርባ የጋዜጣ ንጣፍ በኮላ ደራረብኩ፣ በላዩ የበግ ቆዳ ወጠርኩ፣ ፊቱን ከፋይ አለበስኩ፣ የብር የሚመስል ጌጥ ከቆርቆሮ ቆርጬ ለጠፍኩ። በቀረጻው ሦስተኛ ቀን ፈረስ ረገጠው። ጎድጓዳዋ የዚያ ቀን ትዝታ ናት። ፊልሙ ባለቀ ቀን ዕቃ ስንቆጥር አምስት ጋሻ ሆነ። ስድስተኛው የለም። በዕለቱ ሁለት መቶ አጃቢ ተዋናይ ነበር፤ ማንን ትጠረጥራለህ? ዋጋው ከደመወዜ ተቆረጠ። አዘጋጆቹን አልፈርድባቸውም እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና አሁን ባሕር ዳር ግድግዳ ላይ ሆኖ ያየኛል።

«ስንት ነው ጋሼ?» አልኩ፣ ድምፄን አለስልሼ።

«እሱማ እንደሌላው አይደለም» አሉ ባለሱቁ ከወንበራቸው እየተነሱ። ዕድሜያቸው ስልሳ ይሆናል፤ ጨዋ ፊት አላቸው። «እሱ አድዋ የዘመተ ነው። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ጋር። ወረቀት አለው።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጡ። በኮምፒውተር የተጻፈ ሆኖ ዳር ዳሩ በእሳት ተለብልቧል። ከታች ሰማያዊ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ ውስጥ «ጥንታዊ» ከሚለው ቃል በቀር የሚነበብ የለም። ዋጋው አሥራ ሁለት ሺህ ብር።

ሳቄ መጣ። አልሳቅኩም።

በፊልም ዕቃ ንግድ ዓለም ይህ ወረቀት የታወቀ በሽታ ነው። ሆሊውድ ውስጥ ኮፍያውም፣ ጎራዴውም፣ የጀግናው ሰዓትም ለሰብሳቢ ይሸጣል። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከዕቃው በፊት የሚያዘጋጀው ነገር ቢኖር የምስክር ወረቀት ነው። ወረቀት ለማተም ማተሚያ ይበቃል። ጎበዝ ሰብሳቢዎች ስለዚህ ወረቀቱን ትተው ወደ ፊልሙ ይሄዳሉ። ምስሉን ፍሬም በፍሬም ያቆሙታል። በእጃቸው ያለውን ዕቃ ጭረት፣ የስፌት ጥምዝ፣ የእንጨት ጅማት፣ ፕላስቲኩ ሲፈስ የቀረች የአየር አረፋ ሳይቀር ከምስሉ ጋር ያስተያያሉ። ዕቃ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ያንኑ ጭረት እዚያው ቦታ ላይ ማስመሰል ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

ስልኬን አወጣሁ። የፊልሙ ማስታወቂያ ዩቲዩብ ላይ አለ። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈ መጣ። ጀግናው ጋሻውን የሚያነሳበት ቦታ ላይ አቆምኩትና ለባለሱቁ አሳየኋቸው። በስተግራ ወደ ታች፣ ጥፍር የምታህል ጎድጎድ ያለች ቦታ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አዩ። ጋሻውን አወረዱ። ደግመው ስልኩን አዩ። እኔ ደግሞ በጣቴ ጋሻውን መታ መታ አደረግኩት።

«ሰሙት ጋሼ? የጎሽ ቆዳ እንዲህ አይጮህም። ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። የተሰረቀውም ከኔ ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁኝን ጥያቄ መቼም አልረሳውም።

«ያንተ ስለመሆኑ ወረቀት አለህ?»

የለኝም። ደረሰኝ የለኝም፣ ማኅተም የለኝም። ለሐሰቱ ወረቀት ተገኝቶለት ለሠሪው ጠፋ።

ቡና አስፈሉልኝ። ሴት ልጃቸው ናት ያፈላችው። እሷ ክሊፑን ሦስቴ ደጋግማ አየችው። «አባዬ፣ እኮ ይሄ ትልቅ ተዋናይ ነው!» አለች። የባለሱቁ ዓይን ሲበራ አየሁ።

«እንግዲያስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፊልም የሠራ ጋሻ ከሆነ ዋጋው መጨመር አለበት።»

አሁን ብስቅም፣ ያሉት ከዓለም ገበያ ጋር የሚሄድ ነው። ጉዞው ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ የኤፍ ቢ አይ፣ መግለጫ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ፊልም ላይ ጁዲ ጋርላንድ ያደረገቻቸው ቀይ ጫማዎች ተገኙ። ከሚኒሶታ፣ በተዋናይቷ ስም ከተሰየመ ሙዚየም በ2005 እ.ኤ.አ. የተሰረቁ ናቸው። ሌባው መስታወት ሰብሮ ገባ፣ ይዟቸው ወጣ። ወለሉ ላይ የቀረው አንድ ቀይ የሚያብለጨልጭ ጌጥ ብቻ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የተሰማው ነገር ግን ያስቃል። ሌባው ጫማው ላይ ያለው እውነተኛ ሩቢ ድንጋይ መስሎት ኖሯል። የሌባ ዕቃ ገዢው «ይሄማ ብርጭቆ ነው» ሲለው ሊገላገላቸው ቸኮለ። ማለትም ሰውየው የሰረቀው ፕሮፑን አይደለም። ፊልሙ ያሳመነውን ነው የሰረቀው። እንደ ሙያ ባልደረባ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላውቅም።

ጫማዎቹ ሲመረመሩ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ካለው ሌላ ጥንድ ጋር ተስተያዩ። ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ተገኘ። የአንዱ ጥንድ ግራ ከሌላው ቀኝ ጋር ኖሮ፣ ማንም ሳያውቅ ዓመታት አልፈዋል። ጫማዎቹ ሲሰረቁ ኢንሹራንሳቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር በጨረታ ሲሸጡ 28 ሚሊዮን ዶላር ወጡ፤ ኮሚሽኑ ሲጨመር 32.5 ሚሊዮን። ስርቆቱ ራሱ ዋጋ ላይ ሳይጨምር አልቀረም ብዬ አምናለሁ። ባለሱቁ ይህን ቢያውቁ ጋሻዬን በስንት ይሉኝ እንደነበር እንጃ።

ያን ቀን ሳንስማማ ተለያየን። በማግስቱ ሆዴን ለማቀዝቀዝ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሻጭ ነው። አንድ ጎረምሳ የብራና ቅጠል ዘርግቶ ጠራኝ። «የጥንት ነው።» አየሁት። ብራናው እውነትም የጥንት ነው። ሥዕሉ ግን ትኩስ ነው፤ ቀዩ ገና ይጮሃል። ከሥዕሉ ሥር፣ በብርሃን አንጻር ሲያዙት፣ የተፋቀ የግዕዝ ጽሑፍ ይታያል። ካረጀ ጸሎት መጽሐፍ ቅጠል ተቀድዶ በላዩ አዲስ ሥዕል ይሳላል። ይህ የኔን ጋሻ አይመስልም። እኔ አዲስ ነገር አስረጃለሁ። ይሄኛው አሮጌውን ገድሎ በሬሳው ላይ ይስላል። እጄ ቀዘቀዘና መለስኩለት።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉትን አባት ስለ ዕቃ ቤቱ ጠየቅኳቸው። ቁልፉ አንድ ሰው እጅ እንደማይሆን ነገሩኝ። «አንዱ ቢሳሳት ሌላው አለ፤ ሁሉም ቢሳሳቱ እመቤቴ አለች» ብለው ፈገግ አሉ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ትዝ አለኝ። በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ፣ ቤልጂግ አገር ሰብሳቢ እጅ ገብቶ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የተመለሰው። እዚያ ደግሞ የተሰረቀው ማስመሰያ አልነበረም።

ስመለስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ሌሊቱን አስበውበታል።

«ልጄ፣ እኔም ተታልዬ ነው። ከደላላ ሦስት ሺህ ብር ነው የገዛሁት። የገዛሁበትን ስጠኝና ውሰድ። ትርፍ አልፈልግም።»

«ደላላው ማን ነው?»

«እሱን ተወው።»

መክሰስ እችል ነበር። በምን ወረቀት? ሦስት ሺህ ብር ቆጠርኩ። አንዴ ከደመወዜ የተቆረጠበትን ጋሻ ዳግም ከኪሴ ገዛሁት። ልጅቷ በፌስታል ጠቀለለችልኝ፤ ባለሱቁ ያንን ዳሩ የተለበለበ ወረቀት አብረው አስገቡበት። «ይኑርህ፣ የሱ ነው።» ብቀድደው ኖሮ በስንት ጣዕሙ።

ደጀን አልፈን አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ወጣቱ ፖሊስ ከኋላ ወንበር ላይ ፌስታሉን ከፈተ። መጀመሪያ እጁ የገባው ወረቀት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «አድዋ የዘመተ…» ቀና ብሎ አየኝ።

«ቅርስ ነው የያዝከው። ፈቃድ አለህ?»

«ቅርስ አይደለም። የውሸት ነው።»

«ማኅተም አለው እኮ!»

ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም፤ በረሃው ውጦታል። ላቤ መጣ። ሾፌሩ «ይሄን ጋሻ ድሮም አልወደድኩትም» ሲል ይሰማኛል። ሌላ ምን አማራጭ አለ? ቢላዋ ለመንኩ፤ ፖሊሱ ራሱ ከኪሱ አወጣና ሰጠኝ። የጀርባውን ቆዳ ከጠርዙ በኩል ቀስ ብዬ ፈታሁት። አንድ ወር የለፋሁበትን ስፌት በገዛ እጄ። ኮላው ተላጠ፣ ከሥሩ የጋዜጣው ንጣፍ ወጣ። አዲስ ዘመን፣ 2007 ዓ.ም.።

ፖሊሱ አጎነበሰ። ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም ጋሻው ላይ ተደፍተው በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው።

«ሒሳብ ሠራተኛ… ዲፕሎማና ሁለት ዓመት ልምድ» አለ አንደኛው።

«ታናሽ እህቴ እኮ አካውንቲንግ ናት» አለ ሌላው። ከዚያ ቀኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «አልፏል።»

ጋሻውን መለሰልኝ። ወረቀቱን ግን አስቀረው።