መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ ነው

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ማታ ማታ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን 11 ልጆች።

አምና ጥምቀት አልፎ ከተማው ሲረጋጋ እነሱ ግን አልረጋጉም። የጥምቀተ ባሕሩን ቪዲዮ ገና ስክሮል ያደርጋሉ። ሰው ጭኑን እያየ ለብቻው ፈገግ ካለ፣ ጠረጴዛ ሥር ስልክ ይዟል ማለት ነው።

አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀ። የብስኩት ካርቶን አመጣሁና “ስልክ ሁሉ እዚህ!” አልሁ። ካርቶኑን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥሁት። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ካርቶኑ “ዝርርር” አለ። ሳይለንት ያደረገው ሰው ንዝረቱን አላጠፋውም። እንጨቱ ደግሞ ድምፁን አጎላው። አንገት ሁሉ ቀና አለ።

“የኔ ነው!”

“ሂድ፣ የኔ ነው እንጂ!”

ጥናቱ ቀረና የማን ስልክ ጠራ የሚለው ክርክር ሆነ።

ጥግ ላይ ያለው ልጅ ብቻ ቀና አላለም። ባዶ ደብተር ገልጦ እስክሪብቶ ያሽከረክራል።

“አንተስ፣ ለምን አታነብም?”

“ቲቸር፣ መጽሐፌን ወሰዱብኝ እኮ።”

“የቱን መጽሐፍ?”

በአገጩ ካርቶኑን አሳየኝ።

የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ታትሞ ለሁሉም አልደረሰም ነበር። ብዙዎቹ ፒዲኤፉን ከቴሌግራም አውርደው ነበር የሚያነቡት። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ፋይሉን ግሩፑ ላይ የላክሁላቸው እኔው ነኝ! አፈርሁ።

በማግስቱ ነገሩን ቀየርነው። በስልክ የሚያነብ ምዕራፉን ቤቱ አውርዶ ይመጣል፤ እዚህ ሲደርስ ፍላይት ሞድ ያደርግና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይዘረጋዋል። የታተመ መጽሐፍ ያለው ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዋል። “ሌላ ክፍል” ላይ ድርቅ ያልሁት በካርቶኑ ምክንያት ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ጥናት ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ፈትኖ ነበር። የሁሉም ስልክ ድምፅ የለውም። ሆኖም ሌላ ክፍል የተዉት፣ ፊታቸው ካስቀመጡት የተሻለ ሠሩ። በኋላ ሙከራውን ደግመው ያን ያህል ልዩነት ያላገኙም አሉ። እኔ ግን የዚያን ማታ አንገቶች በዓይኔ አይቻለሁ።

25 ደቂቃ እናነባለን፣ አምስት ደቂቃ እንወጣለን። በዕረፍቱም ስልክ የለም። በዚህ ብዙ ተጨቃጨቅን። ቲክቶክ አምስት ደቂቃ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ልጁ ገብቶ ሲወጣ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማትሪኩ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገብቶ ነው የሚሰጠው፤ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ካሁኑ ቢለምዱት ምን አለበት?

የመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ማታ፣ ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ገጽ ሲገለጥ ብቻ ይሰማል። በመሃል “ዝርርር” አለ።

11ዱም ወደኔ ዞሩ። ኪሴ ነበር።

የጥጉ ልጅ ምንም አልተናገረም። ጎንበስ ብሎ ባዶውን የብስኩት ካርቶን ከወንበሩ ሥር አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።