ሳፋው ውስጥ የቀረው ለውዝ

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ክፍሌ አይሞላም። ከጅማ ከተማ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስም ስጠራ ከኋላ ወንበር «በቆሎ ሊጠብቅ ሄዷል» ይሉኛል። እሸቱ ሲደርስ ጦጣና ዝንጀሮ ከቡናው ጫካ ይወርዳሉ። ሌሊት ደግሞ ከርከሮና ጃርት ይመጣሉ። ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ።

ከቀሩት አንዱ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ግን ስለ ሴል የተማርነው ሁሉ አምልጦት ነበር። ያኔ ነገሩ ከነከነኝ። «ጦጣዎቹ ማሳው ውስጥ የትኛውን ቦታ ነው የሚፈሩት? የትኛውንስ አይፈሩም?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኳቸው። «እንስሳ ሁሉን ይፈራል» አሉኝ። እኔ ግን በሁሉም ቦታ እኩል ይፈራሉ ብዬ አላመንኩም።

ዘዴውን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆኤል ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ቀላል ነገር አሰበ። ምግብን ከአሸዋ ጋር ቀላቅለህ ታስቀምጣለህ። እንስሳው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ያገኛል። እየበላ ሲሄድ የቀረው ይሳሳል፣ ፍለጋውም ይከብዳል። የሆነ ደረጃ ላይ «አሁንስ አያዋጣኝም» ብሎ ይሄዳል። ቦታው የሚያስፈራው ከሆነ ቶሎ ይሄዳል፤ ብዙ ይተርፋል። ደህንነት ከተሰማው እስከ መጨረሻው ይለቅማል። ስለዚህ የሚቆጠረው የተበላው ሳይሆን የተረፈው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዛፍ ላይ በሚኖሩ ጦጣዎችም ተሞክሯል፤ ወደ መሬት በቀረቡ ቁጥር ብዙ ትተው ይሄዱ ነበር።

አራት የፕላስቲክ ሳፋ ገዛሁ። አሸዋ በዝናባችን አንድ ቀን አልቆየልኝም፤ ጭቃ ሆነ። በርጩማ ከሚሠሩ አናጺዎች አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ለመንኩ። በየሳፋው ሁለት ጣሳ ሰጋቱራና 40 ፍሬ ለውዝ ቀላቅዬ አስቀመጥኩ። አንዱን ጫካው ዳር ካለ ብሳና ሥር፣ አንዱን ከዛፉ አምስት እርምጃ፣ አንዱን ሃያ እርምጃ ርቆ ሣሩ በታጨደበት ሜዳ፣ አንዱን ማማው ሥር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዶሮዎች በሉብኝ። ሳፋዎቹን ከቤቱ አርቄ እንደገና ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንድም ለውዝ አልተነካም። ለካ እኔ ማስታወሻ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር! አጎቴ ቡና ሲያቀርቡልኝ «አንተ ልጅ፣ አንተን እየፈሩ ማንን እየፈሩ እንደሆነ ትጠይቃለህ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጠዋት አስቀምጬ እሄዳለሁ፣ እረፋድ ላይ መጥቼ እቆጥራለሁ። ለማየት ስፈልግ ከጎተራው ኋላ ሆኜ በቀዳዳ ነው።

ከዚያ ቀዳዳ ያየኋትን አንዲት እናት ጦጣ አልረሳም። ልጇ ሆዷ ላይ ተለጥፏል። አምስት እርምጃ ላይ ያለው ሳፋ ጋ መጣች። አንድ እጇ ሰጋቱራውን ይዳብሳል፣ ዓይኗ ግን ሰማይ ላይ ነው። አንድ ፍሬ ታወጣለች፣ ጉንጯ ውስጥ ትከታለች፣ ቀና ትላለች። እንደገና። ከምትበላው ይልቅ የምትቃኘው ይበልጣል። ድንገት የአሞራ ጥላ ሣሩን አቋርጦ አለፈ። ከዛፉ ላይ አጭር ጩኸት ተሰማ። እናቲቱ ወደ ዛፍ አልወጣችም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የኬንያው የአምቦሴሊ ፓርክ ጥናት ያለው ይኸው ነው። ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ጩኸት አላቸው። ነብር ሲባል ወደ ዛፍ ይሮጣሉ። ንስር ሲባል ወደ ላይ ያያሉ ወይም ቁጥቋጦ ይገባሉ። እባብ ሲባል በሁለት እግራቸው ቆመው ሣሩን ይቃኛሉ። ይህን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በዓይኔ ሳየው ግን ሰውነቴን ወረረኝ።

ከአሥራ ሁለት ጠዋት በኋላ ማስታወሻዬን ዘረጋሁ። ብሳናው ሥር የሚተርፈው አብዛኛውን ቀን ከአሥር በታች ነው። አምስት እርምጃ ላይ ትንሽ ጨመረ። ሃያ እርምጃ ላይ ከግማሽ በላይ ይተርፋል። ሦስቱም ሳፋ ውስጥ ለውዙ እኩል ነው፣ ሰጋቱራው እኩል ነው። የተለያየው ፍርሃቱ ብቻ ነው። አዳኝ እንስሳ ማንንም ሳይነካ የማሳውን ካርታ ይሥላል ማለት ነው። ተመራማሪዎች የፍርሃት መልክዓ ምድር የሚሉት ይህን ነው። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ አሜሪካ ባለው የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ተኩላዎች ከተመለሱ በኋላ ሳር በሎቹ እንዴት ንቁ እንደሆኑ ከታየ ወዲህ ነው።

ፍርሃት ብቻውን የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካናዳ ውስጥ ሊያና ዛኔት የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ የወፎችን ጎጆ በመረብና በኤሌክትሪክ አጥር ጠበቁ፤ አንድም አዳኝ እንዳይደርስ። ከዚያ የአዳኞችን ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ውጤት፣ ወፎቹ በዓመቱ ያሳደጓቸው ጫጩቶች በ40 በመቶ ቀነሱ የሚል ነው። የበላቸው የለም። ድምፅ ብቻ!

የማማው ሳፋ ግን ግራ አጋባኝ። አጎቴ ማማው ላይ ሲሆኑ 40ውም ፍሬ እንዳለ ይገኛል። ልጁ ሲሆን ግን ግማሹ ይበላል። «ልጅና ሴት ሲጠብቅ ይንቃሉ» አሉኝ አጎቴ። ሰውን ከሰው ይለያሉ። ቀድሞ የተሰቀለውን ማስፈራሪያ ጨርቅማ ጦጣ ተቀምጦበት አይቻለሁ። ለከርከሮው ሌሊት ሬዲዮ አብርተን ማሳው መሃል አስቀመጥን። ሦስት ሌሊት ሠራ። በአምስተኛው ሌሊት ከሬዲዮው አጠገብ በቆሎው ተገንድሶ አደረ። ድምፁ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሰውም ተከትሎት የማይመጣ ከሆነ፣ ለምን ይፍራው? የሰው ድምፅ በራሱ ግን ደካማ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ውስጥ የሰው ንግግር ሲሰማ እንስሳቱ ከአንበሳ ድምፅ ይልቅ በእጥፍ ሸሽተዋል። ልዩነቱ እኛ ሬዲዮውን አንድ ቦታ ላይ መተዋችን ነው።

ስህተቴን መናገር አለብኝ። ሙከራው ሲያልቅ ሳፋዎቹን አነሳሁ። ጦጣዎቹ ግን ከሳምንት በላይ እዚያው ቦታ መጡ። ለውዝ ሲያጡ በቆሎው ውስጥ ገቡ። አንድ ሙሉ መስመር እሸት አወደሙ። አጎቴ አልጮሁብኝም። «እንግዳ ጠርተህ ማዕዱን አነሳህባቸው» ብቻ አሉኝ። ይህ ከስድብ በላይ አሳመመኝ። ሌላ ሰው ይህን ሊሞክር ቢፈልግ፣ ሰብል ካለበት አካባቢ በጭራሽ አይሞክር። እኔም ድጋሚ ያደረግኩት አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

አጎቴ ልጅ እያሉ ነብር ሌሊት ሌሊት ሲጮኽ ይሰማ እንደነበር ይነግሩኛል። «ያኔ ዝንጀሮ እንዲህ አይደፍርም ነበር» ይላሉ። ጋና ውስጥም አንበሳና ነብር ሲመናመኑ ዝንጀሮ በዝቶ ማሳ ወርሯል፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ቀርተው ሰብል ጠብቀዋል። ይህን ሳነብ የክፍሌ ባዶ ወንበሮች ፊቴ ላይ መጡ። ነብሩ የተወውን ሥራ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እየሠራው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ከአጎቴ ጋር ተነጋግረን ማማውን ከማሳው መሃል ወደ ጫካው በኩል አዛወርነው። በበቆሎውና በዛፎቹ መካከል ሃያ አምስት እርምጃ ያህል ጠርገን በርበሬ ተከልንበት። ጦጣው በገላጣ ቦታ መሮጥ አለበት። ጥበቃውንም በሰዓት አላደረግነውም፤ አንዱ ቀን ከዚህ፣ አንዱ ቀን ከዚያ ይወጣል። ጉዳቱ አልጠፋም፣ ግን ሰው ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ መዋል ቀረ። ጠዋት ልጁ፣ አመሻሽ ላይ አጎቴ። ልጁ የከሰዓት ፈረቃ ተመዘገበ።

ዘንድሮ መስከረም ስም ስጠራ «አቤት» አለኝ። ጫማው ላይ የማሳ ጭቃ ነበር።