«ኔጋቲቭ» ከማለታችን በፊት

የጡት ካንሰር ናሙና ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ሲላክ ሐኪሙ የሚጠብቀው «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ብቻ አይደለም። ዕጢው ላይ የትኞቹ ፕሮቲኖች እንዳሉም ማወቅ ይፈልጋል። የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ ኸር-2፣ ከተቻለም የዕጢው ሕዋሳት በምን ፍጥነት እንደሚባዙ የሚያሳየው ኬአይ-67። በሽታው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ የመመለስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚጠቁሙት እነዚህ ናቸው። ኸር-2 የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸውም እንደሚያጥር በ1987 እ.ኤ.አ. ታወቀ። በ1998 ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ግን ያው ፕሮቲን መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ ሆነ።

እኔ የምሠራው ስላይድ፣ ማለትም ናሙናው በስሱ ተቆርጦ የሚለጠፍበት መስታወት፣ በሚዘጋጅበት በኩል ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ የወረደ ወጣት ፌስታል ይዞ መጣ። እህቱ ዓርብ ከሰዓት ኦፕራሲዮን ሆና ጡቷ ወጥቷል። ፌስታሉ ውስጥ ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። ጡቱ ሳይሰነጠቅ እንዳለ ተጠቅጥቆ ገብቷል፤ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ከሥሩ ትንሽ ብቻ ነው። «መንገድ ላይ አልፈሰሰም፣ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የመጣሁት» አለኝ። ልጁ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል።

ስንቆርጠው ዳር ዳሩ ጠንክሯል። መሃሉ ግን ልፍስፍስ ያለ፣ ገና ጥሬ ሥጋ ነው። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ናሙናው በደንብ ሲጠልቅ፤ እስኪደርስ ድረስ መሃል ያለው ሕዋስ ይበላሻል፣ የምንፈልገው ፕሮቲንም አብሮ ይጠፋል።

ስላይዶቹ ተቀለሙ። የሆርሞን ተቀባዩ ካለ የሕዋሱ ኒውክሊየስ ቡናማ ይሆናል። ምንም ቡናማ የለም። ኢስትሮጅን 0፣ ፕሮጄስትሮን 0፣ ኸር-2ም 0። አብረው የተቀለሙት፣ ፕሮቲኖቹ እንዳሉባቸው አስቀድሞ የሚታወቁት የመቆጣጠሪያ ስላይዶች ግን ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ኬሚካሉም ማሽኑም ደህና ነው። ሬዚደንቱ (በሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) «ትሪፕል ኔጋቲቭ»፣ ማለትም ሦስቱም የሌሉበት፣ ብሎ ረቂቁን ጻፈ። ብዙ ሰው እንደዚያ ይል ነበር።

ሲኒየሯ ፓቶሎጂስት አልፈረሙም። «ጤነኛው ቱቦ የታለ?» አሉ። ከዕጢው አጠገብ ያለ ጤነኛ የወተት ቱቦ የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው፤ ሁሉም ሕዋስ ባይሆን እንኳ እዚህም እዚያም ቡናማ መታየት አለበት። ፈልገው አገኙትና አሳዩን። ቱቦው አለ፣ አንድም ቡናማ ግን የለበትም። «ጤነኛው ካልቀለመ ስለ ዕጢው ምን ልትነግሩኝ ነው? ደግሞ ዕጢው ግሬድ 1 ነው፣ መልኩ ከጤነኛው ብዙ አልራቀም፤ ግሬድ 1 ሆኖ ትሪፕል ኔጋቲቭ ብርቅ ነው። ይሄ ኔጋቲቭ አይደለም። ሊነበብ የማይችል ነው።»

ከኦፕራሲዮኑ በፊት በመርፌ የተወሰደ ባዮፕሲ እንደነበር ከፋይሉ አየን። ብሎኩ (ናሙናው የተቀበረበት ሰም) ሌላ ላብራቶሪ ነበር፤ ወንድምየው ሄዶ አመጣው። የመርፌ ናሙና ቀጭን ስለሆነ ፎርማሊን ቶሎ ይደርሰዋል። ቆርጠን ቀለምነው። በኢስትሮጅን ተቀባይ ከ10 የዕጢ ሕዋስ 9ኙ ቡናማ! ኸር-2 እዚህም ኔጋቲቭ ነው፣ አሁን ግን የሚታመን ኔጋቲቭ።

ታሞክሲፌን በየቀኑ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለው ዕጢ የነበራቸው ሴቶች 5 ዓመት ሲወስዱት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ያ ረቂቅ ቢወጣ ኖሮ ይህን ክኒን ማንም አያዝላትም ነበር። ኋላ በሽታው ቢመለስ ደግሞ «ትሪፕል ኔጋቲቭ እኮ ጠባዩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ራሱን ይደብቃል፤ የበሽተኛዋ መጥፎ ዕጣ ሪፖርቱ ልክ የነበረ ያስመስለዋል፣ ማንም ተመልሶ አይፈትሸውም።

ጥፋቱን ሁሉ ቀዶ ሐኪሙ ላይ መጫን አልፈልግም። ናሙናውን ብሰነጥቀው ካንሰሩ ተጠርጎ መውጣቱ የሚታይበትን ጠርዝ አበላሻለሁ ብሎ የሚሰጋ ሐኪም ብዙ ነው፣ ስጋቱም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደውለን ተነጋገርን። በክር ምልክት አድርጎ ከጀርባ በኩል እንዲሰነጥቀው፣ በየስንጥቁ መሃል ጎዝ እንዲያስገባ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲያስነካው፣ ፎርማሊኑም የናሙናውን 10 እጥፍ እንዲሆን ጠየቅነው። ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት እንዳለበትም ነገርነው። የመጠየቂያ ወረቀታችን ላይም ሁለት መስመር ጨመርን፦ ከሰውነት የወጣበት ሰዓት፣ ፎርማሊን የገባበት ሰዓት።

ከዚያ ሆስፒታል ቀጥሎ የመጣው ጡት ተሰንጥቆ፣ ጎዝ ገብቶበት፣ ሁለቱም ሰዓት ተጽፎ ነበር። ፎርማሊኑ ግን አሁንም ያንሳል። ትልቅ ባልዲ ፈልጉ ብለን ደውለናል።