ቀብድ ከመክፈላችን በፊት

ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዛን። ደላላው ገና በመጀመሪያው ቀን «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣሉበት» ብሎ ያዋክበን ጀመር። እኛ ግን ወረቀቱ ሳይጣራ ብር እንዳናወጣ ቀድመን ተነጋግረን ነበር።

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። ሻጩ ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ ወረቀቱን፣ ሳያዩ ቀብድ የሚሰጡ ሰዎች በጣም ያሳስቡኛል።

የካርታውን ኮፒ ተቀብለን፣ ሜትር ይዘን ግቢውን ለካን። ካርታው 160 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ውስጥ ያለው ግን ወደ 190 ይጠጋል። ሻጩ «ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው» አለን። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንገዛው ቤቱንና ካርታው ላይ የሰፈረውን ይዞታ ነው። ትርፉን ነገ መንግሥት ቢወስደው ማንን እንጠይቃለን? ብዙ ተከራክረን ዋጋው በ160 ካሬ ታሰበ።

ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ሄደን ዕዳና ዕግድ እንደሌለበት አጣራን። እዚያ ችግር አልገጠመንም።

ከባዱ የሚስቱ ጉዳይ ነበር። ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው፣ እሷ አሜሪካ ናት። «እሷ እኮ ታውቃለች» አለን። ማወቋ ግን አይበቃም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ቤቱን መሸጥ እንደሚችል በግልጽ የሚናገር ውክልና እንድትልክ ጠየቅን፤ ጠቅላላ ውክልና ለቤት ሽያጭ አይሆንም። ኤምባሲ አረጋግጦት፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ አልፎ እስኪመጣ ጊዜ ወሰደ። ደላላው ተነጫነጨ። ውክልናው ከመጣ በኋላ ራሷን በቪዲዮ አነጋገርናት። ወካይ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ የአምስት ደቂቃ ስልክ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ቀብዱን የከፈልነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ውሉን የተፈራረምነው ውልና ማስረጃ፣ ማለትም ውል የሚያረጋግጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሄደን ነው። ሻጩ «እዚሁ በምስክር እንጨርስ» ብሎን ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በዚሁ ላይ አስገዳጅ ውሳኔ ሰጥቷል። ነገ ሻጭ ቢክድ የመንደር ውል ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ያስፈራል። ዋጋውንም ዝቅ አድርገን እንድናስጽፍ ተመክረን ነበር፣ እምቢ አልን። ቴምብር ቀረጡ ከዋጋው 2 በመቶ ነው፣ ያማል። ግን ውሉ ቢፈርስ ብራችንን የምናስመልሰው ውሉ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው።

ዋናውን ክፍያ ስንፈራረም በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ለሻጩ ሰጠን። ጥቂት ብር ግን ስም እስኪዛወር እንዲቆይ ውሉ ላይ አስጻፍን። ሻጩ ስም ለማዛወር ሲጠራ አንድም ቀን ያልቀረው ለዚያ ይመስለኛል። አሁን ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ወጥቷል። የቀረን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ወደ ስማችን ማዞር ነው፤ የቆየ ሒሳብ ካለ ሻጩ እንደሚከፍል እሱም ውሉ ላይ አለ።