ከተማው ሁሉ ከል የለበሰበት ፊልም

ቅዳሜ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር «ፉትሉዝ»ን አየን። በፈረንጆች 1984 የወጣውን፣ የኬቨን ቤከንን ማለቴ ነው። እሷ ዳንሱን ፈልጋ ነው የመረጠችው። እኔ ድሮ አይቼው በጆሮዬ የቀረው ሙዚቃው ብቻ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሬን የሚባል የቺካጎ ልጅ ከእናቱ ጋር ቦሞንት ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይመጣል። እዚያ መደነስ በሕግ ክልክል ነው። ልጁ ይበሽቃል፤ ባዶ መጋዘን ገብቶ ብቻውን ይዘላል፣ ይገለባበጣል። (አክሮባቱን የሠሩለት ሌሎች መሆናቸውን ስነግራት የእህቴ ልጅ አኮረፈች።) ምት አልሰማ ያለውን ጓደኛውን ዊላርድን ዳንስ የሚያስተምርበት ክፍል ግን ዛሬም ያስቃል።

እኔን የያዘኝ ፓስተሩ ነው። ጆን ሊትጎው የሚጫወተው ሾው ሙር። ወንድ ልጁ አምሽቶ ከጭፈራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞቶበታል። ክልከላው የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሰውዬውን መጥላት አቃተኝ። እኛም ሰፈር ሰው ሲሞት ቴፕ አይከፈትም። ሠርግ የደገሰ ጎረቤት እንኳ ሐዘን ቤት ሄዶ ያስፈቅዳል። ግን ቀን አለው። አያቴ ስትሞት እናቴ ከሏን አላወልቅም ብላ ነበር። አንድ እሁድ አክስቶቼ ተሰብስበው መጡ። «ይብቃሽ፣ እማዬም አትወድልሽም» አሏት። ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዋ ወስደው ነጩን ደረቡላት። እያለቀሰች ዝም አለቻቸው። ለፓስተሩ እንዲህ ብሎ የመጣለት ዘመድ የለም። ከተማውን በሙሉ ከል አለበሰና የሚያስወልቀው ጠፋ።

ለዚያ የምትቀርበው ሚስቱ ናት፣ ዳያን ዊስት። ስንት ዓመት ዝም ብላ ኖራ አንድ ቀን ትናገረዋለች። ሕዝብ ፊት ስትሰብክ ድንቅ ነህ፣ ከአንድ ሰው ጋር ማውራት ላይ ግን ይቀርሃል ዓይነት ነገር። ድምጿን ከፍ እንኳ አታደርግም። ከመጋዘኑ ዝላይ ሁሉ ይህች ትበልጥብኛለች።

ሬን ጭፈራ ይፈቀድልን ብሎ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ሲከራከር የእህቴ ልጅ አጨበጨበች። ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት መዝፈኑን ይጠቅሳል። መክብብም «ለመዝፈንም ጊዜ አለው» ይላል። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦት ፊት ሽብሸባ እያየ ላደገ ሰው ክርክሩ አዲስ አይደለም። ያም ሆኖ ልጁ ይሸነፋል፤ ጭፈራው ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይሆናል። ፓስተሩም በመጨረሻ ምእመኑን ለልጆቹ ጸልዩላቸው ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ችኮላ አለ። አምስት ደቂቃ ቢጨምሩለት ምን ነበረበት?

ለፊልሙ መነሻ የሆነው የእውነት ታሪክ ደግሞ ኦክላሆማ ውስጥ ነው፣ ኤልሞር ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ። በፈረንጆች ከ1898 ጀምሮ ጭፈራ ክልክል ነበር። በፈረንጆች 1980 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዳንስ ግብዣ እናድርግ ብለው ጠየቁ። ከተማው ተከፈለ፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድም ሁለት ለሁለት ተከፈለ። ሰብሳቢው ይጨፍሩ አለና አለቀ። መጋዘን የለም፣ ግልብጥብጥ የለም። ያኔ ወላጆች እየተገላመጡ የተቀመጡበትን ስብሰባ ብቻ የሚያሳይ ፊልም ቢሠሩልኝ ደስታዬ ነበር።

የእህቴ ልጅ ግን «ዳንስ የሌለበት የዳንስ ፊልም ማን ያይልሃል?» ብላ ወደ መጋዘኑ መለሰችው።