ከስንት እናት ዛፍ?

ችግኝ ጣቢያችን ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ ነው። የሐበሻ ጥድ ዘር የምንረከብበት ቅጽ የዝርያውን ስም፣ ክብደት፣ ዋጋና ፊርማ እንጂ ሌላ አይጠይቅም ነበር። ክፍያውም በኪሎ ነው። ዘር በማቅረብ የታወቁ አንድ አዛውንት ከወትሮው የገዘፈ ጆንያ አምጥተው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ፣ የክረምቱ ዕቅድ ተሟላ ብሎ ሁሉም ሰው ደስ አለው።

እኔ ከመፈረሜ በፊት እፍኝ ዘር ወስጄ በምላጭ መሰንጠቅ ጀመርኩ። ጤነኛ የጥድ ዘር ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭና ሙሉ ነው። ከዚያ ጆንያ የወጣው ግን አብዛኛው ቅርፊት ብቻ ነበር።

«አያ፣ ይህን ከስንት ዛፍ ለቀሙት?» አልኳቸው።

«ከአንዲት ነው ልጄ። አውራ ጎዳናው ዳር ብቻዋን ከቆመችው፤ ቅርንጫፏ እስኪጎነበስ አፍርታለች። በኪሎ ስትከፍሉኝ ከዛፍ ዛፍ ምን ያንከራትተኛል?»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። እንዲህ እንዲለቅሙ ያደረጋቸው የእኛው ቅጽ ነው።

የሐበሻ ጥድ እንደ ዝግባ ሁሉ ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው። የወንዴውን ብናኝ ለሴቴዋ የሚያደርሰው ነፋስ ነው። በአቅራቢያዋ ወንዴ የሌላት ሴቴ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ፍሬዋን ብታንዠረግግም ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ተርፎ የሚበቅለውም ቢሆን ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ነው። ተራራውን በእነዚህ ብቻ ብንሸፍነው፣ ነገ እርስ በርሳቸው ተዳቅለው የሚሰጡት ዘር ይደክማል፤ አንዱን የጣለ በሽታም ሌላውን አይምርም።

ኃላፊያችን «ጥድ ከየመን እስከ ዚምባብዌ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አይጠፋም፣ ተረከቡት» አሉ። ስለ ስፋቱ ልክ ናቸው። የጎጃምን ደጋ ውርጭ ለዘመናት የለመደው ጥድ ግን ያለው እዚሁ፣ በየአጸደ ቤተ ክርስቲያኑ በተረፈው ደን ውስጥ ነው። ደኖቹ በእርሻ ተከበው እንደ ደሴት ተነጣጥለዋል፤ አንዱ የያዘው ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው ባሕርይ፣ በሌላው ላይገኝ ይችላል። ይህን ካጣን ከየመን አናስመጣውም! ይህን የተናገርኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ዛሬም ዝቅ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

ጆንያውን ለችግኝ መደብ አልተጠቀምንበትም፤ ለአዛውንቱ ግን የድካማቸው ተከፈላቸው። ቅጹ ላይ «የእናት ዛፍ ብዛት» የሚል መስመር ገባ። አሁን ክፍያው በኪሎ ብቻ ሳይሆን በዛፍ ቁጥርም ነው፦ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 እናት ዛፎች፣ በመካከላቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ርቀት፣ ከእያንዳንዱ እኩል መጠን፣ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት። ከየደብሩ ከመልቀም በፊት ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ግዴታ ነው።

«ዝግባውስ እንዲሁ አይደለም ወይ?» ብለው የጠየቁን አዛውንቱ ራሳቸው ናቸው። የዝግባውን ቅጽ አሁን እያሻሻልን ነው።