ዝም ያለ ሰው በሬዲዮ

እሑድ ማታ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ለምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም። ምናልባት ሐሙስ ዕለት ሥራ በለቀቀው ልጅ ምክንያት ይሆናል። አራት ዓመት ሺፍት ተቀባብለናል። ሁሌ በፔርሙዝ ቡና ይዞ ነበር የሚመጣው። ደብተሩን ያወጣሁት ስለ እሱ ልጽፍ ብዬ ነው።

እሑድ የምሠራበት ፓርኪንግ ጭር ይላል። የቢሮ ሰው የለም። የምቀመጥባት ትንሽ ክፍል፣ ቡዙ ውስጥ እኔና ማሞቂያዋ ብቻ ነን። አልፎ አልፎ አንድ መኪና ሲታጠፍ ጎማው ቀለም በተቀባው ወለል ላይ ሲጥ ይላል። ከዚያ መልሶ ጸጥ። ጸጥታው ሲከብደኝ ሬዲዮኗን ከፈትኩ።

እዚህ ዋሽንግተን እሑድ ማታ 88.5 ላይ «ዘ ቢግ ብሮድካስት» አለ። ከ1964 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የድሮ የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማዎች ይሰሙበታል። እኔ መስማት ስጀምር አዘጋጁ ኤድ ዎከር ነበሩ። ከተወለዱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበሩ። ኦክቶበር 2015 የመጨረሻ ዝግጅታቸውን ሆስፒታል ተኝተው ቀዱት። እሑድ ማታ ሲተላለፍ ከቤተሰባቸው ጋር ሆነው አዳመጡት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አረፉ። ያን ዝግጅት እኔም እዚህችው ቡዝ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ድምፃቸው ሲታወሰኝ ሆዴ ይባባል።

ዛሬ የተሰማው «ዘ ሻዶው» ነው። በእኛ «ጥላው» ልበለው። ከርካሽ መጽሔት የወጣ ጀግና ነው። ያኔ መጽሔቶቹ የሚታተሙት ከእንጨት በተሠራ ሸካራ ወረቀት ላይ ነበር፤ ፐልፕ የሚል ስም ያወጣላቸውም ይኸው ወረቀት ነው። በ10 ሳንቲም ይሸጣሉ። ወረቀቱ ቶሎ ይቢጫል፣ ይፈረፈራል። ውስጡ ወንበዴ፣ የተደበቀ ሀብት፣ የጠፋ ደሴት፣ ተኩስ።

የጥላው አወላለድ ግን ለየት ይላል። በ1930 አንድ አሳታሚ የመርማሪ ታሪክ መጽሔቱን ለማስተዋወቅ የሬዲዮ ፕሮግራም ጀመረ። ታሪኩን የሚተርከው ድምፅ «ጥላው» ተባለ። በቃ፣ ድምፅ ብቻ ነው። ሰዉ ግን ታሪኩን ትቶ ድምፁን ወደደው። ጋዜጣ አዟሪ ጋ እየሄደ የጥላውን መጽሔት ስጡኝ ማለት ጀመረ። እንዲህ የሚባል መጽሔት አልነበረም። አሳታሚው በ1931 አወጣላቸው። ዋልተር ጊብሰን የሚባል ጸሐፊ ተቀጠረ፤ ኋላ ከወጡት 325 ታሪኮች 282ቱን የጻፈው እሱ ነው። ድምፁ ቀድሞ ተወለደ፣ ሰውየው ኋላ መጣ።

በ1937 ደግሞ ጥላው ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ተዋናይ ያለው ሙሉ ድራማ ሆኖ ወደ ሬዲዮ ተመለሰ። ዋናውን የተጫወተው የ22 ዓመቱ ኦርሰን ዌልስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ። መጽሔቱ ላይ ጥላው ጥቁር ካባና ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ ጨለማ ለጨለማ የሚሄድ ሰው ነው። ሬዲዮ ላይ ካባውን ማን ያየዋል? ስለዚህ የሰውን አእምሮ ጋርዶ ከፊቱ የመሰወር ችሎታ ሰጡት። አካል የሌለው ድምፅ አደረጉት። ለሬዲዮ ከዚህ የሚቀል ነገር የለም። ካሜራ ቢሆን ስንት ጣጣ ነበረው!

ሁለተኛው ለውጥ ነው ዛሬ ያዝ ያደረገኝ። ማርጎ ሌይን የምትባል ሴት አመጡለት። መጽሔቱ ላይ አልነበረችም። አግነስ ሙርሄድ ተጫወተቻት። ለምን አስፈለገች? ብቻውን የሚሄድ ሰው በሬዲዮ አይሰማም። የሚያወራው ሰው ያስፈልገዋል። እሷ ስትጠይቀው ይመልሳል፤ ሲመልስ እኛ መኖሩን እናውቃለን። መጽሔቱ ራሱ በ1941 ተቀበላት።

መጽሐፍ ላይ «ጥግ ይዞ ተቀምጧል» ካልክ ሰውየው ምዕራፉ እስኪያልቅ እዚያ አለ። የሬዲዮ ድራማ ላይ ግን አራት ሰው ገብቶ ሦስቱ ሲያወሩ፣ ዝም ያለውን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትረሳዋለህ። ክፍሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥሩ ጸሐፊ አንዱን ገጸ ባሕርይ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያስብለዋል። ወይም ወንበሩን ሲጥ ያደርገዋል። ዛሬ ይህን ነገር እየቆጠርኩ ሰማሁ። በሚገርም ጥንቃቄ ነው የሚሠሩት።

ድምፅ ሠሪዎቹም እንደዚያው ናቸው። የኮኮናት ቅርፊት ሲጋጭ የፈረስ ኮቴ ነው። የበቆሎ ስታርች በከረጢት ሲጨመቅ በረዶ ላይ የሚራመድ እግር ነው። ሴሎፎን የሚባለው ስስ መጠቅለያ ሲጨመደድ እሳት ነው። የመጨረሻውን ሞከርኩት። የዳቦዬን ላስቲክ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ቀስ ብዬ ጨበጥኩት። እውነት ነው፣ ነደደ። የፈረንጅ ምድጃ ግን አልነበረም። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እናቴ ምጣድ ሥር ስትማግደው የሚለው ነው፤ መጀመሪያ ጣ ጣ፣ ከዚያ ሽው። ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሽታው ሁሉ መጣብኝ።

ከዚያ ዶክ ሳቬጅ ትዝ አለኝ። እሱም የፐልፕ ጀግና ነው፣ በ1933 የጀመረ። በ1985 የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ሁለቱን ታሪኮቹን በ13 ክፍል ድራማ አድርጎ አቅርቦታል። አምስት ጓደኞች አሉት። መንክ የሚባለው እንደ ጎሪላ የገዘፈ ነው፣ ድምፁ ግን እንደ ሕፃን ቀጭን። ሃም ከሚባለው ጠበቃ ጋር ያለ ማቋረጥ ይጨቃጨቃሉ። ዶክ ራሱ ቁጥብ ነው፤ ቃል አያባክንም። ግን አንድ ድምፅ አለው። ሲያስብ ወይም ሲደነቅ ሳያውቀው ከውስጡ የምትወጣ ዜማ መሳይ ነገር አለች። ከየት እንደመጣች አትታወቅም፣ ክፍሉን ግን ትሞላለች። ጓደኞቹ ስትሰማ ዝም ይላሉ።

አባባም አላቸው። «እህም» የምትል። ጉሮሮ መጥረግ አይደለችም። ጎረቤት ሲያወራ ቆይቶ እሷ ከተሰማች ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ልጅ ሆነን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አባባ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው ያስጠጋሉ። ወጋየሁ ብቻውን ሽማግሌውንም ሴቷንም ወጣቱንም ይሆናል። አንድ ሰው ነው ብትባል አታምንም። ሲያልቅ ሁላችንም እናወራለን። አባባ አያወሩም። «እህም» ይላሉ፣ ሬዲዮውን ያጠፋሉ፣ ባትሪው እንዳያልቅ።

ሺፍቴን ስጨርስ ወደ ቤት እደውላለሁ። እዚያ ሰኞ ጠዋት ነው። ሁሌ የምታነሳው እማዬ ናት። «አባትህ እዚህ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል። እየሰሙህ ነው።» ትላለች። ወሬው መሀል ደግሞ «አሁን ሳቁ» ትለኛለች። «ቅንድባቸውን ቋጠሩብህ፣ ገንዘቡን ለምን ላክህ አሉ መሰለኝ።» ስልኩን ስትሰጣቸው መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይመጣል።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ?»

«ይመስገን።»

ከዚያ ስልኩ ወደ እማዬ ይመለሳል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ስናደድ ኖሬያለሁ። እሷ ስለምታወራላቸው ነው እንጂ ያወሩ ነበር እያልኩ። አንዴ እንዲያውም «እስቲ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ፣ ተያቸው!» ብያታለሁ። ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ አሁን ወደ መስኮቱ ዞሩ» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር። እሷ ካልነገረችኝ አባቴን በምን አየዋለሁ?

ባለፈው ሳምንት እማዬ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ታናሽ እህቴ ናት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት፣ ስለ እማዬ መድኃኒት አወራን። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከዘጋሁት በኋላ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። አባባን አላነሳናቸውም። እሷም አላለች፣ እኔም አልጠየቅኩ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር ይሆን?